የቁልቁለቱ ፍሬን

ቤታችን አዲስ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚነገር አንድ የሚያስቅ ታሪክ አለ። ሥጋው ተቆርጦ፣ ጠጁ ሁለተኛ ዙር ሲቀዳ አክስቴ እኅተማርያም ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ ታደርግና፣ «ሠርኬ እበት ውስጥ የተጠመቀችበትን ቀን አልነገርናችሁም?» ትላለች።

ታሪኩ አጭር ነው። አባባ፣ ማለት ግራዝማች ኃይለመስቀል፣ በጎባ ከጣሊያኖች በቀር ማንም ያልነዳውን ብስክሌት ገዙ። ከኋላ ጠፍር ይዞ የሚሮጥ አንድ ገባር ነበራቸው። ሰውየው በሮቤ ቁልቁለት ላይ ጠፍሩን ለቀቀና ግራዝማችና ልጃቸው ሠርኬ፣ ማለት እኔ፣ ከብት የሚጠጣበት ማጥ ውስጥ ገቡ። አክስቴ እበቱ ከአባባ ጢም ላይ እንዴት እንደተንጠለጠለ በጣቷ ስታሳይ ሰው ሁሉ ይንከተከታል። አባባም ይስቃሉ። ጢማቸውን አሁንም እበት እንዳለበት ሁሉ ጠረግ ያደርጉታል።

እኔ የማስታውሰው ግን ሌላ ነው። ያየሁት ወደ ኋላ ዞሬ ስለነበር ይሆናል።

አያቴ ከሸዋ ጦር ጋር መጥተው ጎባ ሲሰፍሩ ሲናና ላይ መሬት ተሰጣቸው። መሬቱ ላይ የነበሩት ሰዎችም አብረው ተሰጡ። ቤታችን ውስጥ ይህ የሚነገረው ስለ ዝናብና ስለ በረዶ እንደሚነገረው ነው። እኔ በተወለድኩበት ዘመን ገባርነት ቀርቷል ተብሎ ታውጆ ነበር። የሲናና ሰዎች ግን አጥራችንን ያጥሩ፣ እንጨታችንን ይፈልጡ፣ የአባባን በቅሎ ይስቡ ነበር። በቅሎዋን የሚስበው ቃሶ የሚባል ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀጉሩ ቶሎ የሸበተ ሰው ነው።

በቅሎዋ የሞተችው ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ነው። አባባ ሌላ በቅሎ መግዛት ሲገባቸው፣ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይገባ ጎባ ከቀረ አንድ ጣሊያን መካኒክ ብስክሌት ገዝተው መጡ። ግቢያችንም የተቀበለው እንደ በቅሎ ነው። መሪው ላይ የበቅሎዋን ቃጭል አሰሩበት፤ መቀመጫውን በግላሷ፣ በኮርቻ ልብሷ፣ አለበሱት። ከዚያ ቅቤ ቀቡት።

አባባ ያልተቀባ ነገር ይሰነጠቃል የሚሉ ሰው ናቸው። ኮርቻና ልጓም በቅቤ ሲለሰልስ እያዩ አድገዋል። ስለዚህ ብስክሌቱን ከመሪው እስከ ጎማው አስቀቡት፤ ሰንሰለቱን፣ የቆዳ መቀመጫውን፣ ጎማውን ቆንጥጠው የሚይዙትን የፍሬን ላስቲኮች ሳይቀር። በማግስቱ ፍሬኑ መያዝ ተወ። አባባ መያዣውን ጨብጠው ጨብጠው ሲሰለቻቸው፣ «ይሄ የጣሊያን ውሸት ነው» አሉ። ቅቤውንም ጨመሩበት።

ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የከረመ ቅቤ ከጎማና ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣው ሽታ ነው። ዝንብ ከመሪው አይነሳም። የመንደር ውሾች እየተከተሉ የኋላውን ጎማ ይልሱ ነበር። ሰንሰለቱ ላይ ጠቁሮ የረጋው ቅቤ ቀሚሴን ሲነካው በሳሙናም አይለቅም። ያኔ ሽታውን የትልቅ ሰው ሽታ አድርጌ ነበር የማስበው፤ ከእኛ ቤት በቀር የትም አልነበረማ።

ፍሬኑ ስላልሠራ ቃሶ ተተካበት። ከመቀመጫው ሥር ረጅም ጠፍር ታሰረ። ሜዳ ሲሆን ቃሶ ጠፍሩን ጠቅልሎ ከጎናችን ይሮጣል፤ ቁልቁለት ሲሆን ተረከዙን እየተከለ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ ይይዘናል፤ ዳገት ሲሆን ይገፋናል። ከጎባ ወደ ሮቤ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ነው። አባባ ወደ ሲናና የሚሄዱት በሮቤ በኩል ስለሆነ፣ መውረዱም መመለሱም በቃሶ ጉልበት ነበር።

አባባ ጎረቤቶች አደጋ አለው ብለው ሲፈሩላቸው የሚመልሱት አንድ ነገር ነበራቸው። «በገጠር መንገድ ሁሉም ቦታውን ካወቀ አደጋ የለም» ይላሉ። እውነትም ሁሉም ቦታውን ያውቅ ነበር። የቃጭሉ ድምፅ ገና ከሩቅ ሲሰማ ሰዎች ከመንገዱ ይወርዳሉ። በፈረስ ያለው ከፈረሱ ይወርዳል፤ በእግሩ ያለው ቦይ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ እንጨት የተሸከመች አሮጊት እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ቆማ እስክናልፍ ስትጠብቅ አየሁ። እኔ ይህን ሁሉ የብስክሌት ሕግ ይመስለኝ ነበር። ለአሮጊቷ እጄን አወዛወዝኩላት። እሷ ግን ዓይኗን ከውኃው አላነሳችም።

የምቀመጠው ከአባባ ጀርባ፣ የእቃ መጫኛው ላይ፣ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ ነው። እግሬ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ እማዬ ያወጣችው ዘዴ ነበር። ስለዚህ መንገዱን ሁሉ የማየው ቃሶን ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ጥርሶቹ ሁሉ ይታያሉ፤ ዓይኖቹ ይፈጣሉ፤ የአንገቱ ጅማት ይገተራል። ከንፈሩ ጥግ ላይ ነጭ አረፋ ይይዛል። የሚያጫውተኝ ይመስለኝ ነበር። እኔም ጥርሴን ገጥሜ፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣ ጉንጬን ነፍቼ እመልስለታለሁ። ሜዳው ላይ ስንደርስ፣ «ማን አሸነፈ?» እለዋለሁ።

«እርስዎ፣ እሜቴ» ይላል ትንፋሹን እየሰበሰበ። ሕፃን ብሆንም «እሜቴ» ነበር የሚለኝ።

አንድ ቀን ዳገቱን ገፍቶን ከጨረሰ በኋላ ዘወር ብሎ ሲተፋ አየሁት። ምራቁ ቀይ ነው። ክረምቱ ወጥቶ በየቁጥቋጦው እንጆሪ የበሰለበት ወር ነበርና፣ «ቃሶ ለብቻው እንጆሪ በላ!» ብዬ ጮህኩ። አባባ ዞር አሉና ምራቁን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አዎ፣ ሆዳም ነው» አሉ። «ለእሜቴ ሳታካፍል?»

ቃሶ አፉን በክንዱ ጠረገ። «ነገ አመጣለሁ፣ ጎፍታ» አለ። ጎፍታ በኦሮምኛ ጌታዬ ማለት ነው። በማግስቱ እውነትም በቅጠል ጠቅልሎ እንጆሪ አመጣልኝ። በላሁት።

ሚስቱ ሙሚና የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ እማዬ ምስር ስትለቅም እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ሙሚና አልገባችም፤ ደፉ ላይ ተንበርክካ እጇን መሬት ላይ አደረገች። አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለች ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የምትናገረው።

«እሜቴ ወለተኢየሱስ፣ ከቁልቁለቱ ያስምሩልኝ። እንጨት ይፍለጥ፣ ከብት ይጠብቅ፣ ሌሊትም ቢሉት ይሠራል። ጠፍሩን ከለቀቀ መሬቱን እናጣለን። ከያዘ ደግሞ ደረቱ ይሄዳል። ደረቱ ተከፍቷል፣ ወላሂ።»

እማዬ ከምስሩ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ግራዝማችን እኔ ነግሬያቸው እሺ ብለው ያውቃሉ?» አለች።

«ከአፉ ቀይ ይወጣል፣ እሜቴ።»

«እንጆሪ በልቶ ነው» አልኩ እኔ። የማውቀው ነገር ስለተነሳ ደስ ብሎኝ ነበር። «ለእኔም አምጥቶልኛል።»

ሙሚና ቀና ብላ አየችኝ። እንደዚያ ያለ አስተያየት ከዚያ በኋላ ከማንም አላየሁም፤ ቁጣ ብዬም ልጠራው አልችልም። እማዬ፣ «አንቺ ልጅ፣ ውጪ ተጫወቺ» አለችኝ። ስወጣ ከጓዳ ቅቤ ቆርሳ በቅጠል አድርጋ ስትሰጣት አየሁ። «አንጥረሽ በትኩሱ አጠጪው። ለደረት ደግ ነው» አለቻት። ብስክሌቱ ከሚቀባበት ቅል ነው የቆረሰችው።

እኔ የተከፈተ ደረት የሚለውን እንደ ተከፈተ ሳጥን ነበር ያሰብኩት። ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት ጓጓሁ።

በሚቀጥለው የሮቤ ገበያ ቀን ጠዋት ካፊያ ጥሎ መንገዱ ረጥቧል። እማዬ፣ «ዛሬ እንኳ ቢቀር» አለች። አባባ ግን ሲናና ላይ የገብሱን አጨዳ ማየት አለባቸው፤ አዲሱን ካባቸውን ለብሰዋል። እኔም ነጭ ቀሚስ ለብሼ ተቀምጫለሁ። ቃሶ ጠፍሩን ሲያነሳ አባባ ጠሩት።

«እጅህን አምጣ።»

ቀኝ እጁን ዘረጋ። አባባ የጠፍሩን ጫፍ አንጓው ላይ ሁለት ጊዜ አዞሩና በጥርሳቸው ጭምር እየሳቡ ቋጠሩት። ጢማቸው የቃሶን እጅ ሲነካ አየሁ።

«ባለፈው አንሸራትቶህ ነበር» አሉት። «ዛሬ እንኳ ብትፈልግ አትለቀኝም።»

«መሬቱ ጭቃ ነው፣ ጎፍታ። እግር አይዝም። ከብስክሌቱ ወርደው ከቁልቁለቱ ሥር እስካለው ድልድይ በእግር ብንሄድ…»

«በእግሬ ልሂድ? ብስክሌት እየጎተትኩ? ሮቤ ገበያ ላይ ሊስቁብኝ?» አባባ ራሳቸው ሳቁ። «አንተ ባለ አራት እግር ብትሆን ኖሮ ብስክሌት አልገዛም ነበር እኮ።»

አክስቴ እኅተማርያም በረንዳው ላይ ቆማ ከት ብላ ሳቀች። እኔ ጠፍሩ አምባር መስሎኝ፣ «እኔንም እሰሩኝ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አባባ ግንባሬን ሳሙኝ። «አንቺ ባለቤት ነሽ፤ ባለቤት አይታሰርም» አሉኝ።

ከከተማው ወጥተን ቁልቁለቱን ጀመርን። ገበያተኛው ብዙ ነበር። ቃጭሉን እየሰሙ በግራና በቀኝ ይወርዳሉ። ቃሶ ከፊቴ ተለጥጦ ይመጣል፤ ተረከዙ ጭቃው ላይ ሁለት ረጅም መስመር ያሰምራል። ጥርሱን አሳየኝ። ጥርሴን አሳየሁት። «ሱታ፣ ጎፍታ፣ ሱታ» ይላል፤ ቀስ በሉ ማለቱ ነው። እኔም ዜማ አወጣሁለትና «ሱታ፣ ሱታ» እያልኩ አጨበጨብኩ። አባባ ቀስ ለማለት ምንም ነገር በእጃቸው እንዳልነበረ ያን ጊዜ አላውቅም። ፔዳሉ ላይ እግራቸውን ሰቅለው፣ በሁለት እጃቸው መሪውን ይዘው፣ ሌላውን ሁሉ ለቃሶ ትተው ነበር።

ከድልድዩ በላይ ያለው መታጠፊያ ላይ ቃሶ ሳለ። ሳሉ ሆዱን አጥፎ አፉን ከፈተው። ቀይ ነገር በጢሙ ላይ ወረደና ንፋስ ያመጣው ፍንጣቂ ቀሚሴ ላይ አረፈ። ተናደድኩ። «ቀሚሴን አበላሸኸው!» አልኩት። ጉልበቱ ታጠፈና በፊቱ ተደፋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አክስቴ በጭራሽ አትናገርም፤ አላየችውም። ቃሶ ወድቆም ከኋላችን መምጣቱን አልተወም። አንድ እጁ ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ ጉንጩ መሬት ላይ ሆኖ፣ ድንጋዩንና ጭቃውን እየጠረገ ይከተለን ነበር። ጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ድምፁን ሰማሁ። አዲስ ጨዋታ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ክብደቱ ስለያዘን ብስክሌቱ እያዘገመ ሄዶ፣ ድልድዩ አጠገብ ሲደርስ መንገዱን ሳተና ከብት የሚጠጣበት ማጥ ውስጥ ቀስ ብሎ ጋደም አለ። ከማጡ አልፎ ገደል ነው። እኛ የወደቅነው ለስላሳ፣ ሞቅ ያለ እበት ውስጥ ነው። አፌ ውስጥ ገባ። አንዱ ጥርሴ እንኳ አልተነቃነቀም።

አባባ ተነሱ። ካባቸውን አዩት። እጃቸውን አራገፉት። መጀመሪያ ያሉት፣ «ለቀቀኝ» ነው። ከዚያ ገበያተኛው እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይሄ ውሻ ለቀቀኝ» አሉ።

ጠፍሩ ከመቀመጫው ሥር እስከ ቃሶ አንጓ ድረስ ተወጥሮ ነበር። እኔ ከሁለቱ መሃል እበት ላይ ተቀምጬ ነበርና ጠፍሩ ከትከሻዬ በላይ ያልፋል። ቋጠሮው አልላላም። እጁ ግን ሰማያዊ ሆኗል።

ሰዎቹ በየቦዩ እንደቆሙ ናቸው። አንዳቸውም መንገዱ ላይ አልወጡም፤ እኛ ገና አላለፍንማ። በመጨረሻ ነጭ ጥምጣም ያሰሩ አንድ ሽማግሌ ከቦዩ ሳይወጡ፣ «ጎፍታ፣ እንፍታው?» ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ።

«መጀመሪያ ብስክሌቱን አንሱ» አሉ አባባ።

አነሱት። ሁለት ሰዎች ብስክሌቱን ሲያነሱት ጠፍሩ የቃሶን እጅ ከፍ አደረገው፤ እጁ ደህና ሁኚ የሚለኝ መሰለኝ። እኔም እጄን አወዛወዝኩ።

ቤት ተመልሼ በሙቅ ውኃ ታጠብኩ። እማዬ ሦስት ጊዜ ሳሙና ቀባችኝ። ቃሶስ ብዬ ስጠይቅ፣ «ወደ ሼክ ሁሴን ለጸሎት ሄዷል። እዚያ ጸልዮ ይድናል» አሉኝ። ሼክ ሁሴን ዘንድ ሰው በየዓመቱ እየዘፈነ በእግሩ ሲጓዝ አይ ስለነበር ደስ አለኝ። የተሳላሚዎቹ ጉዞ በደጃችን ባለፈ ቁጥር በረንዳው ላይ ወጥቼ ረጅም ሰው እፈልግ ነበር። ሙሚና አንድ ጊዜ ልጆቿን ይዛ በራችን ላይ ቆመች። አባባ በመስኮት፣ «የለቀቀ ሰው መሬት የለውም። ሌላ ሰው ገብቶበታል» ሲሉ ሰማሁ። እማዬ በቁና ገብስ አወጣችላት። ሙሚና ገብሱን እዚያው በሩ ላይ ትታው ሄደች። ዶሮዎቻችን በሉት።

እውነቱን የሰማሁት አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። እማዬ ጥጥ እየፈተለች፣ ስለ ሌላ ነገር ስታወራ፣ እግረ መንገዷን ነው የተናገረችው። «የት ሼክ ሁሴን! ሮቤ እንኳ አልደረሰም። እዚያው ድልድዩ ላይ ነው የሞተው፣ ነፍሱን ይማር» አለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ «ለነገሩ ድሮም ደረቱ ደካማ ነበር» አለች። ከዚያ እራት ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ።

ዘንድሮ ለፋሲካ ከዩኒቨርሲቲ ስመጣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ነበር። ከጎኔ ያስቀመጡልኝ ብዙነህ የሚባል የሮቤ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ለምን ከጎኔ እንደተቀመጠ ማንም አልነገረኝም፤ ሁሉም ግን ያውቃል። ጥሩ ሰው ነው ይላሉ። እጁ ንጹሕ ነው፤ ሲያወሩለት አንገቱን ይነቀንቃል። አባባ አርጅተዋል፤ ሥጋውን ግን አሁንም ራሳቸው ይቆርጣሉ።

ጠጁ ሁለተኛ ዙር ተቀዳ። አክስቴ ነጠላዋን መለስ አደረገች።

«አቶ ብዙነህ፣ ይህቺ የምታያት የተማረች ልጅ እበት ውስጥ የተጠመቀችበትን ቀን አልነገርንህም?»

ነገረችው። ጢሙን አሳየችው። ብዙነህ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «እና ሰውየው ጠፍሩን ለቆ የት ገባ?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ እንጃ» አለች አክስቴ። «እግሬ አውጪኝ ብሎ ነዋ።»

እኔ በሰው ፊት መናገር አልወድም። ክፍል ውስጥ እንኳ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም። ድምፄ ሲወጣ ለራሴም ቀጭን ሆኖ ተሰማኝ።

«አልለቀቀም» አልኩ። «አንጓው ላይ ታስሮ ነበር። አባባ ናቸው ያሰሩት። ስንወድቅም ጠፍሩ እጁ ላይ ነበር። እዚያው ሞተ።»

ቢላዋው ቆመ። እማዬ ሰሐኖቹን መሰብሰብ ጀመረች፤ ገና ሰው በልቶ አልጨረሰም። አባባ ረጅም ጊዜ አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም። የረሱትን ዕቃ ያገኙ ነው የሚመስሉት።

«እውነቷን ነው» አሉ። «አስሬው ነበር። ይገርማችኋል፣ ታስሮም እንኳ አልያዘኝም።»

መጀመሪያ የሳቀችው አክስቴ ናት። ከዚያ ሳቁ ገበታውን ዞረ። አዲሱ ጨዋታ ከድሮው ይበልጥ ተወደደ። አንዱ «ታስሮም!» እያለ ጭኑን ይመታል። ከእንግዲህ ታሪኩ የሚነገረው ይህ ተጨምሮበት እንደሆነ እዚያው ተቀምጬ ገባኝ።

አባባ ከጮማው ቆረጡ። በሚጥሚጣ አሽተው በእንጀራ ጠቀለሉትና ክንዳቸውን በገበታው ላይ ወደ እኔ ዘረጉ። «ነይ፣ የእኔ ምስክር» አሉኝ። ስቡ በጣቶቻቸው መሃል ያበራል። አውራ ጣታቸው ጥፍር ሥር ደም ደርቋል፤ የሥጋው ደም ነው።

አፌን አልከፈትኩም።

«ኧረ በእግዚአብሔር፣ ሠርኬ፣ የአባትሽ እጅ ሲንጠለጠል» አለች አክስቴ። እማዬ ዓይኗን ሰሐኑ ላይ ተክላለች። ስቡ ከአባባ አንጓ ወደ ክርናቸው ወረደና ጠብ አለ። ሁሉም ይጠብቁ ነበር። እኔም ጥርሴን ገጥሜ ጠበቅሁ።

ከዚያ እጃቸው ትንሽ ወደ ጎን ዞረ። ብዙነህ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ እጅ ነሳና አፉን ከፈተ።